"ዝም ብለን ነው" ከምንለው ሰው ጋር ልባችን ግራ ሲጋባ ምን እናድርግ? ዝርዝር መመሪያ

ከሆነ ሰው ጋር ትገናኛላችሁ፣ ትዝናናላችሁ፣ አንዳንዴ አብራችሁ ታድራላችሁ፣ ሰው "ማነው እሱ?" ሲላችሁ ግን "ኧረ ዝም ብለን ነው" ትላላችሁ። መጀመሪያ ላይ የእውነትም ዝም ብላችሁ ነበር። ከዛ የሆነ ቀን ቴሌግራም ላይ ኦንላይን ሆኖ ሳይፅፍላችሁ ሲቀር ሆዳችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ክብድ ይላል፣ ወይ ደሞ በተቃራኒው እሷ "ናፈቅከኝ" ስትል ትንፋሽ ያጥራችኋል፣ እና ምን እየሆንኩ ነው ማለት ትጀምራላችሁ። ይሄ ፅሁፍ ለዛ ሰዓት ነው።

እኛ ሀገር ይሄ ነገር የሚከብድበት የራሱ ምክንያት አለው። ስለ ትዳር ምክር ሚጠየቅ ሰው ሞልቷል፣ ሽማግሌ አለ፣ የንስሀ አባት አለ፣ አክስት አለች። ስለዚህኛው ግን ማን ይጠየቃል? እናታችሁ ስሙን እንኳን ሰምታ አታውቅም፣ ስልካችሁ ላይ "ሳሚ ጋራዥ" ተብሎ ነው ሴቭ የተደረገው። ጓደኞቻችሁ ደሞ ወይ "ላሽ በይው" ወይ "ምን አለበት ፈታ በይ" ነው መልሳቸው። እና ሰው ለብቻው ይብሰለሰላል፣ ፍቅረኛዬ ያልተባለ ሰው ስለጎዳው በግልፅ ማልቀስ እንኳን ያፍራል። እኔ ይሄ ሀዘን እንደማንኛውም የፍቅር ሀዘን እውነተኛ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ስም ስላልተሰጠው አይቀልም።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ግራ ተጋባሁ ስንል ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ተደባልቆብን ነው፦ የሚሰማን፣ የምናውቀው እና የምንመኘው። ሦስቱ እንደተደባለቁ ሚወሰን ውሳኔ ሁሉ በነጋታው ይፈርሳል፣ ማታ ብሎክ አድርገን ጠዋት እንፈታለን። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ለመለያየት ናቸው፣ በቅደም ተከተል ብትሄዱባቸው ይሻላል፣ በተለይ ማውራቱን አታስቀድሙት።

1. መጀመሪያ ግራ ያጋባችሁን ነገር ፃፉት

በጭንቅላት ማሰብ አይበቃም፣ ጭንቅላት ውስጥ ያው ይዞራል። ወረቀት ላይ ፃፉት፣ ከቤተሰብ ጋር ምትኖሩ ከሆነና ወረቀት ሚያስፈራ ከሆነ ስልክ ላይ በፓስዎርድ ሚዘጋ ኖት ላይ። ጄምስ ፔንቤከር የሚባል አሜሪካዊ የስነልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሰዎችን ለተወሰኑ ተከታታይ ቀናት በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ስለሚያስጨንቃቸው ነገር በነፃነት እንዲፅፉ ሲያደርግ ነበር፣ ፊደል ሳይጨነቁ፣ ለማንም ሳያሳዩ። እናንተም እንደዛው፣ አራት ቀን አካባቢ ሞክሩት። የመጀመሪያው ቀን እርግማንና ልመና ነው ሚወጣችሁ፣ ችግር የለውም ይውጣ፣ ሦስተኛው ቀን አካባቢ ግን እውነተኛው ነገር ብቅ ይላል።

ምን ሊሆን ይችላል እውነተኛው ነገር? እኔ ከሰው ስሰማ ደጋግሜ ያየኋቸውን ልንገራችሁ። አንዱ በቃ ወዳችኋል፣ "አልወድም" ብላችሁ ስለጀመራችሁት አሁን መናገር አፍራችኋል። ሌላው ሰውየውን ሳይሆን ብቸኝነትን ነው የፈራችሁት፣ እሁድ ከሰዓትን። ሌላው ቅናት ነው፣ እናንተም የግድ አትፈልጉትም ግን ሌላ ሰው ጋር ማሰቡ ያቃጥላችኋል። ሌላው ደሞ ብዙ ሰው ማይናገረው ጥፋተኝነት ነው፣ ቤተክርስቲያን ወይ መስጂድ ስትሄዱ የሚሰማችሁ፣ ቤተሰብ ፊት የሚሰማችሁ ነገር። ይሄኛውን ከፍቅር ጋር አታደባልቁት እባካችሁ። ኅሊናው የከበደው ሰው አንዳንዴ ክብደቱ እንዲቀልለት ብቻ ግንኙነቱን ትዳር ሊያደርገው ይሮጣል፣ እና ያልሆነ ሰው ያገባል። ጥፋተኝነቱን ከንስሀ አባታችሁ ወይ ከምታምኑት ሰው ጋር ለብቻው ጨርሱት፣ ስለ ሰውየው ደሞ ለብቻው አስቡ።

ስትፅፉ ሦስት ርዕስ አድርጉት፦ "የሚሰማኝ"፣ "በርግጠኝነት የማውቀው"፣ "የምመኘው"። ለምሳሌ "ይወደኛል" የሚለው የት ይገባል? እሱ በአፉ ካላለ የማውቀው ውስጥ አይገባም። "ባለፈው ታምሜ ሾርባ ይዞ መጣ" ግን ይገባል። "ሥራው ሲረጋጋ ሲሪየስ ይሆናል" የምመኘው ውስጥ ነው ቦታው። ይሄን ስትሰሩ የምታውቁት የሚለው ዝርዝር ሚያጥር ከሆነ አትደንግጡ፣ የአብዛኛው ሰው አጭር ነው።

2. ቻቱን ወደላይ ሄዳችሁ አንብቡት

ይሄ ደረጃ ያማል ግን እንደሱ ሚጠቅም የለም። ቴሌግራም ላይ ቻቱን ክፈቱና ሰርች ውስጥ ባለችው ካላንደር አንድ ሁለት ወር ወደኋላ ሂዱ፣ ከዛ እንደ ሌላ ሰው ቻት ሆናችሁ አንብቡ። ሦስት ነገር ብቻ ተመልከቱ፣ ማን ቀድሞ ይፅፋል፣ በስንት ሰዓት ይፅፋል፣ እና ስለምን ነው ምታወሩት።

አንዲት የማውቃት ልጅ እንዲህ አድርጋ አብረን ስናነበው የሱ መልእክቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነበሩ። "የት ነሽ"፣ "ተኛሽ እንዴ"፣ "ልምጣ?"። መሀል ላይ በሥራ ቀን፣ ጠዋት የላከችው አለ፣ "እማዬ ሆስፒታል ገብታለች" የሚል። መልሱ በማግስቱ ማታ ነው የመጣው፣ "ውይ አይዞሽ" እና አንድ ስቲከር፣ ከሱ ቀጥሎ "ዛሬ ትመቻለሽ?"። እሷ ያንን መልእክት በወቅቱ አንብባዋለች፣ መልሳለትማለች፣ ግን ከሌላው ጋር አስጠግታ አይታው አታውቅም ነበር። ምንም አላለችም፣ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ግን በሌላ በኩልም ይሰራል ይሄ ነገር። "እሷ ለኔ ምንም ስሜት የላትም" ሲል የነበረ ልጅ ቻቱን ወደኋላ ሲያነበው ፈተና በነበረው ጠዋት ሁሉ ቀድማ የፃፈችው እሷ ናት፣ "እንዴት ሆነልህ" ብላ የጠየቀችውም እሷ ናት። እሱ "ጥሩ" ብሎ ነው ያለፋት። ስለዚህ ቻቱን ለመፍረድ ብላችሁ አታንብቡ፣ ለማየት አንብቡ፣ የራሳችሁንም መልስ ጭምር።

ከቻቱ ውጪ ደሞ የበዓል ነገር አለ። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ፣ አረፋ፣ ኢድ፣ እነዚህ ቀናት ላይ ሰው ለማን እንደሚደውል ብዙ ይናገራል። በዓል ላይ ከናንተ ጋር ይዋል እያልኩ አይደለም፣ የቤተሰብ ቀን ነው። ግን ለሦስት በዓል "እንኳን አደረሰሽ" እንኳን ሳይል ከበዓሉ ማግስት "ናፍቀሺኛል" ሚል ሰው ምን ቦታ ላይ እንዳስቀመጣችሁ ግልፅ አድርጎ እየነገራችሁ ነው።

3. ሰውነታችሁ ምን እየሰራ እንደሆነ እወቁ

አብሮ ማደር፣ መተቃቀፍ፣ መቀራረብ እንደ ኦክሲቶሲን ያሉ ሆርሞኖችን ያስለቅቃል፣ እና "ዝም ብለን ነው" ብላችሁ የተስማማችሁት በአፋችሁ እንጂ ሰውነታችሁ አልፈረመም። ስለዚህ አንድ ደንብ፦ አብራችሁ ባደራችሁ በማግስቱ ምንም ነገር አትወስኑ፣ "እወድሃለሁ"ም አትበሉ "በቃኝ"ም አትበሉ። ጠጥታችሁም እንደዛው። ማታ ከ4 ሰዓት በኋላም እንደዛው፣ ማታ የተፃፈ ረጅም ቴክስት ጠዋት ዲሊት ለማድረግ ነው ሚጠቅመው።

ሁለተኛው ነገር አንዴ ሰጥቶ አንዴ መከልከል ነው። ስኪነር የሚባለው የስነልቦና ሳይንቲስት እርግቦች ላይ ሲሞክር ምግቡ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ እርግቧ ቁልፉን አብዝታ ትነካለች፣ ምግቡ ሲቆምም ቶሎ ተስፋ አትቆርጥም። ቤቲንግ ሚቆርጥ ጓደኛ ካላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሁሌ ቢበላ ይሰለቸው ነበር፣ ጭራሽ ባይበላ ይተወው ነበር፣ አንዳንዴ ስለሚበላ ግን አይለቀውም። ሳምንት ጠፍቶ ድንገት "ቆንጆ ናፍቀሺኛል" ሚል ሰው ልባችሁን ይበልጥ ሚይዘው በዚህ ነው። ዶረቲ ቴኖቭ የምትባል የስነልቦና ባለሙያም እ.ኤ.አ በ1979 ስለዚህ አይነቱ መያዝ ስትፅፍ ትንሽ ተስፋና ጥርጣሬ አንድ ላይ ሲሆኑ ስሜቱን እንደሚያፋፍሙት አሳይታለች። ስለዚህ ሁሌ እሱን ማሰባችሁ ብቻውን የትልቅ ፍቅር ማስረጃ አይሆንም፣ ግልፅ መልስ ያለማግኘት ውጤትም ሊሆን ይችላል። ይሄን ማወቅ ብቻውን ስሜቱን አያጠፋውም፣ ግን "እንደዚህ እያሰብኩት ከሆነማ እጣ ፈንታዬ ነው" ከማለት ያድናችኋል።

እረፍት ሞክሩ። ለኦርቶዶክስ የአብይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ለሙስሊም ረመዳን አንድ ወር፣ ብዙ ጥንድ በዚህ ጊዜ ማደሩን ያቆማል። ያ ጊዜ እንዳያመልጣችሁ። አልጋው ሲቆም ምን ይቀራል? ይደዋወላሉ? ቀን ላይ ሻይ ይባባላሉ? ወይስ "ከጾም በኋላ እንገናኝ" ብሎ ለሁለት ወር ዝም? ሁለቱም መልስ ነው። ጾም ማትጾሙ ከሆነ ደሞ ራሳችሁ ሦስት አራት ሳምንት ወስዳችሁ ቀን ቀን ብቻ ተገናኙ።

4. ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

ብዙ ሰው "ምን ነን?" ብሎ ለመጠየቅ ድፍረት ያጠራቅማል፣ መልሱ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ግን አላሰበበትም። ሁለት ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፣ እውነቱን መልሱ፣ ማንም አይሰማችሁም።

አንደኛ፣ ነገ ደውሎ "ሽማግሌ ልላክ" ቢላችሁ ምን ይሰማችኋል? ፊልም ላይ እንዳለው አታስቡት፣ አጎቶቹ እቤታችሁ ሳሎን ተቀምጠው፣ አባታችሁ "ልጃችሁ ምን ይሰራል?" እያለ፣ እናታችሁ ቡና እያፈላች አስቡት። እዛ ስዕል ውስጥ ደስ ካላችሁ አንድ ነገር አወቃችሁ። ሆዳችሁ ከተኮማተረ፣ "ኧረ እሱንማ እቤት አላመጣውም" ካላችሁ ግን ለምን እሱ ሲሪየስ አልሆነም ብላችሁ መጎዳታችሁን እንደገና አስቡበት፣ ምናልባት የፈለጋችሁት እሱን ሳይሆን ሰው እንዲፈልጋችሁ ነው። ሰው እንዲፈልገን መፈለጋችን ነውር የለውም፣ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሌላ ቦታም ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ነገ ኢንስታግራም ላይ ቀለበት አስሮ ብታዩት? እፎይ ትላላችሁ ወይስ ትፈርሳላችሁ? እፎይታ ካለበት ማቆም ፈልጋችሁ ሰበብ ያጣችሁ ናችሁ።

ከዛ በአንድ አረፍተ ነገር ፃፉት። "ከሱ ጋር ብቻ መሆን እፈልጋለሁ፣ እሱም ከኔ ጋር ብቻ እንዲሆን።" ወይ "እንዳለ ይቀጥል ግን ሌላ ሰው ካለ እንዲነግረኝ።" ወይ "ማቆም እፈልጋለሁ።" አንድ አረፍተ ነገር ካልወጣላችሁ ገና ለማውራት አልደረሳችሁም፣ ወደ 1 ተመለሱ።

5. አሁን አውሩ

ቦታውና ሰዓቱ ትልቅ ነገር ነው። አልጋ ላይ አይሆንም፣ ጓደኛ ባለበት አይሆንም፣ በቴክስት አይሆንም፣ መኪና ውስጥ እየነዳ አይሆንም። ቅዳሜ ከሰዓት ጎን ለጎን ሚያስቀምጥ ብዙ ጫጫታ የሌለው ካፌ፣ ወይ በእግር እየሄዱ ማውራት ይሻላል፣ ፊት ለፊት መተያየቱ ለሚያስጨንቀው ሰው መራመድ ያቀልለታል። አስቀድማችሁ "ማውራት ያለብን ነገር አለ" ብላችሁ አታስፈራሩት፣ "ቅዳሜ ቡና እንጠጣ፣ ስለኛ ትንሽ ማውራት ፈልጌ ነበር" ይበቃል።

ምን ትላላችሁ? ክስ አታድርጉት። "አንተ ሁሌ እንዲህ ነህ" ካላችሁ እሱ ጠበቃ ይሆናል፣ እናንተ አቃቤ ህግ፣ ስለ ስሜት የሚያወራ ሰው አይኖርም። እንደዚህ ሞክሩ፦

"ስንጀምር ዝም ብለን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም እንደዛ ነበር የፈለግኩት። አሁን ግን እኔ ጋ ተቀይሯል፣ እየወደድኩህ ነው። አንተን ለማስጨነቅ አይደለም፣ እውነቱን ብታውቅ ይሻላል ብዬ ነው። አንተ ጋስ እንዴት ነው?"

ወንድ ከሆናችሁም ያው ነው፦ "እኔ ቀልዴን እንዳልሆነ እንድታውቂልኝ ነው። ካንቺ ጋር ብቻ መሆን እፈልጋለሁ። ዛሬ መልስ ስጪኝ አልልሽም፣ ግን ባንቺ በኩል ምን እንዳለ ማወቅ አለብኝ።" ወንዶች እዚህ ጋር ወይ ጉራ ወይ ቀልድ ያስገባሉ፣ አታስገቡ፣ በቀልድ የተባለ ነገር በቀልድ ነው ሚመለሰው።

ከተናገራችሁ በኋላ ዝም በሉ። ይሄ ከባዱ ክፍል ነው። ዝምታው ሲረዝም ሰው ራሱ ይሞላዋል፣ "አይ ችግር የለም ባትፈልግም ይገባኛል" ይላል፣ በቃ የሱን መልስ ራሱ መለሰለት። ይጨርስ፣ ጠብቁት።

መልሱ ሦስት አይነት ነው ሚሆነው። "እኔም" ካለ ጥሩ፣ ወደ 6 ሂዱ። "አይ፣ እኔ እንደዛ አይደለሁም" ካለም፣ እመኑኝ ይሄ ክብር ያለው መልስ ነው፣ ያማል ግን ግልፅ ነው፣ አመስግኑትና ወደ 7። ሰውን ሚያደክመው ሦስተኛው ነው፦ "እናያለን"፣ "አሁን ለምን እንጨናነቃለን"፣ "ሥራ ላይ ነኝ እስኪረጋጋ"፣ "አንቺን ማጣት አልፈልግም ግን..."። የኛ ሰው "አይ" ማለት ይከብደዋል፣ ይሉኝታ አለ፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ እምቢታ በ"እናያለን" ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ግን አንዳንዱም የእውነት ማሰቢያ ጊዜ ፈልጎ ነው። ልዩነቱን ምታውቁት ቀን ስትጠይቁ ነው፦ "እሺ አስብበት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብታሳውቀኝ፣ እስከዛ ግን እንደበፊቱ አንገናኝም።" የእውነት ሚያስብ ሰው ይሄን ይቀበላል፣ ባይደሰትም። በዛው ሳምንት ማታ "ተኛሽ እንዴ" ብሎ ሚፅፍ ደሞ መልሱን ሰጥቷል። ያንን መልስ መቀበል የናንተ ፋንታ ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ ሄዳችሁ አትጠይቁ።

ለገና ወይ ለክረምት ከአሜሪካ ወይ ከአውሮፓ መጥቶ የሚመለስ ሰው ከሆነ ደሞ ከመሄዱ በፊት አውሩ፣ ሻንጣ እየተዘጋጀ ባለበት ቀን ሳይሆን ቀደም ብሎ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ አብራችሁ ስትወጡ፣ ላንጋኖ ምናምን ስትሄዱ፣ የአክስቱ ልጅ ሰርግ ላይ ስትገኙ ግንኙነቱ ትልቅ ይመስላል፣ ግን ሰውየው ሥራ የለበትም፣ ሂሳብ እየቆጠረ አይደለም፣ ያ ኑሮው አይደለም። የሱን ኑሮ ምታዩት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዶ ሁለት ሺፍት ሰርቶ ደክሞት ሲደውል ወይ ሳይደውል ነው። ከቦሌ ከሸኛችሁት በኋላ ያለው ሁለት ወር ከዛ ሦስት ሳምንት ይበልጥ ይናገራል።

6. ይቀጥላል ከተባለ ደንብ ይኑረው

ሲሪየስ ሆነም አልሆነም። ሳይወራ የቀረ ነገር ነው በኋላ ግራ የሚያጋባው። ማውራት ያለባችሁ፦ ሌላ ሰው ይኖራል ወይስ አይኖርም፣ ማን ያውቃል፣ ፎቶ ፖስት ይደረጋል ወይ፣ ማደር በስንት ጊዜው። ብርም አንሱ፣ ሰው ግንኙነታችሁ ስም ሳይኖረው ብር ሲበዳደር እዳውና ፍቅሩ ይደባለቃል፣ "ልተወው ብል ብሬን እንዴት አገኛለሁ" ይመጣል።

ጤናውን በይሉኝታ አትለፉት። ሌላ ሰው ካለ ወይ እንዳለ ካላወቃችሁ ኮንዶም የግድ ነው። ሁለታችሁም ተመርመሩ፣ አንድ ነገር አስታውሱ ግን፣ የኤችአይቪ ፈጣን ምርመራ የቅርብ ጊዜ መጋለጥን ላያሳይ ስለሚችል ከሦስት ወር በኋላ መድገም ያስፈልጋል። ኮንዶም ከተቀደደ ወይ ሳይኖር ከቀረ ሁለት ነገር በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፦ ድንገተኛ የወሊድ መከላከያው ከፋርማሲ ይገኛል፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፣ የኤችአይቪ መከላከያው መድሀኒት ደሞ ከጤና ተቋም ነው፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ጭንቀቱን ተሸክሞ ሦስት ቀን ማሳለፍ ትልቁ ስህተት ነው።

አብሮ መኖር ላይ ቆም በሉ። ስኮት ስታንሊ እና የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ2006 ባሳተሙት ፅሁፍ ወስኖ መግባትን እና ተንሸራቶ መግባትን ይለያሉ፣ አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ ሰውን እንዴት እንደሚያንሸራትት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጀመሪያ የጥርስ ብሩሽ፣ ከዛ ልብስ፣ ከዛ "ለምን ሁለት ኪራይ እንከፍላለን"። ማንም ምንም አልወሰነም፣ ግን አሁን መለየት ማለት ቤት መፈለግና ቅድመ ክፍያ ማለት ሆነ። ህጉም ዝም አይልም፣ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ለሚኖሩ ሰዎች ምእራፍ አለው፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከዘለቀ በዛ ጊዜ የተፈራ ንብረት የጋራ ይሆናል። አብራችሁ ኑሩ አትኑሩ አልልም፣ ብቻ ወስናችሁ ግቡ።

7. ማቆም ከሆነ

በአካል ወይ ቢያንስ ደውላችሁ ተናገሩ። አጭር ይሁን፦ "ጥሩ ጊዜ ነበረን፣ እኔ የምፈልገው ሌላ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ጋር ላቁም።" ምክንያት አትደርድሩ፣ ምክንያት ሲደረደር ሌላኛው ሰው አንድ በአንድ ያፈርሰዋል። "ጓደኛ እንሁን" ማለት ከፈለጋችሁም በኋላ፣ ልባችሁ ሲበርድ፣ ዛሬ አይደለም።

ከዛ ስልካችሁን አስተካክሉ። ቻቱን አርካይቭ፣ ስቶሪውን ሚውት፣ ላስት ሲን ከሁለታችሁም በኩል ዝጉት። ብሎክ ማድረግ ነውር አይደለም፣ ግን ብዙ ሰው ብሎክ አድርጎ በጓደኛ ስልክ ስለሚያየው እኔ እሱን ብዙ አላምነውም፣ ዋናው ማየቱን ማቆም ነው። የጋራ ጓደኛ ካላችሁ ለአንድ ሰው ብቻ ንገሩ፣ "ስለሱ ወሬ አታምጪልኝ" በሏት፣ ምክንያቱም "ትላንት ከሆነች ልጅ ጋር አየሁት" የሚለው ወሬ ሳምንቱን ያፈርሰዋል። ቅዳሜ ማታን ደሞ አስቀድማችሁ ሙሉት፣ እህታችሁ ጋር ማደር፣ ጂም፣ የሰንበት ማህበር፣ ምንም ይሁን፣ ባዶ እንዳይሆን ብቻ።

እንቅልፍ ለሳምንታት ካጣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ሥራ መግባት ካቃታችሁ፣ መኖር አልፈልግም የሚል ሀሳብ ከመጣ ግን ይሄ ከምክር በላይ ነው፣ በዛው ቀን ለምትቀርቡት ሰው ንገሩ፣ ሆስፒታል ሂዱ። አማኑኤል ሆስፒታል ለ"እብድ" ብቻ ነው የሚለውን ተዉት፣ በጭንቀትና በድባቴ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፣ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ህክምና ክፍል አላቸው። "ፎቶሽን እለቃለሁ"፣ "ቤተሰብሽ ጋ እሄዳለሁ" ብሎ ሚያስፈራራ ሰው ካጋጠማችሁም ቻቱን አታጥፉ፣ ስክሪንሾት ያዙ፣ ለአንድ ትልቅ ሰው ንገሩና ፖሊስ ጋር ሂዱ።

8. ግራ ያጋባችሁት እናንተ ከሆናችሁስ?

ይሄን ሚያነብ ሰው ሁሉ የተጎዳው ወገን አይደለም። ሰው እንደወደዳችሁ አይናችሁ እያየ፣ እናንተ ግን እንደዛ ካልሆናችሁ፣ "እኔ ከመጀመሪያው ነግሬያታለሁ" ማለት አይበቃም። ከስምንት ወር በፊት የተባለ ነገር ዛሬ በምታደርጉት ይሰረዛል። እናቷ ጋር ስትሄድ እየሸኛችኋት፣ "የኔ ቆንጆ" እያላችኋት፣ ስትቀዘቅዝ ደሞ እየደወላችሁ መልሳችሁ እያሞቃችኋት ከሆነ ተስፋ እየሰጣችሁ ነው። ሁለት ምርጫ አለ፣ ወይ ሙቀቱን መቀነስ ወይ እንደገና በግልፅ መናገር፦ "ስሜትሽ እንደተቀየረ አያለሁ፣ እኔ ጋ አልተቀየረም፣ እንዳትጠብቂኝ።" ስታለቅስ አቅፋችሁ አትደሩ በዛ ቀን። ቤቷ በሰላም እንድትገባ አድርጉ፣ በማግስቱም ጓደኛዋ አብራት እንዳለች ብቻ አረጋግጡ።

9. ተመልሶ ሲመጣ

ይመጣል፣ በተለይ በበዓል። "እንኳን አደረሰሽ" የሚል አንድ መስመር፣ አበባ ያለበት ስቲከር። ሰውነታችሁ ወዲያው ይነቃል፣ ቁጥር 3 ላይ ያልነው ነገር እንዳለ ይሰራል። ያኔ የፃፋችሁትን ወረቀት አውጡ፣ "በርግጠኝነት የማውቀው" የሚለውን አንብቡ፣ ከዛ ወዲህ እዛ ላይ ሚጨመር አዲስ ነገር አለ? "ስለ ባለፈው ላወራሽ እፈልጋለሁ፣ ቀን ላይ እንገናኝ" ካለ አዲስ ነገር ነው፣ ከፈለጋችሁ ሂዱ፣ ቀን ላይ። ስቲከሩ ብቻ ከሆነ ግን አዲስ ነገር የለም። ዝም ማለት ይቻላል፣ ዝምታው ከከበዳችሁም "እንኳን አብሮ አደረሰን" ብላችሁ መልሱ፣ ጥያቄ ምልክት ያለበት ነገር አትጨምሩበት።